በበርበሬ ውስጥ ዚርኮኒየም

አክስቴ ሾላ ገበያ ውስጥ የተፈጨ በርበሬና ሽሮ ትሸጥ ነበር። ቦታዋ ከሽንኩርት ተራው ጀርባ፣ ቅመም ሻጮቹ በሚቀመጡበት ረድፍ መሀል ነው። መገናኛ ላይ የባቡሩ ሐዲድ እየተሠራ መንገዱ በቆርቆሮ በታጠረበት ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ገና እንደተጀመረ፣ ከእሷ በርበሬ የገዛች አንዲት ሴት ወጧን ስትቀምስ ጥርሷ ላይ የሚንቀጫቀጭ ነገር አገኘች። ቀጥሎ ሌላዋም እንደዚያው አለች። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ጡብ ፈጭታ በርበሬ ላይ ትቀላቅላለች የሚለው ወሬ ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ።

በዚያ ጊዜ በርበሬ ውስጥ ቀይ አፈር ተገኘ፣ ጡብ ተገኘ የሚል ወሬ በከተማው አይጠፋም ነበር። ስለዚህ ለማመን ማንም አልተቸገረም።

ነገሩን ያጸናችው ከአክስቴ ቀጥሎ የምትቀመጠው ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሻጭ ናት። ድምፅዋ ትልቅ ነው፤ ገበያተኛ ሁሉ ያውቃታል። ከአክስቴ በርበሬ አንድ ማንኪያ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ በጠበጠች፣ ቀዩን ደፋችና የቀረውን በጣቷ አሸችው። እኔ የዚያን ቀን ጆንያ ላወርድ ሄጄ ስለነበር አየሁት። ከብርጭቆው ሥር ደቃቅ፣ ከጣት ላይ የማይሟሟ ነገር ነበረ። ቀለሙን በርበሬው ስለነካው በዓይን መለየት አይቻልም።

«ኑ እዩ!» አለች ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ። «ከእሷ በርበሬ የገዛ ሰው ብሎኬት አያስፈልገውም። ድስቱ ውስጥ ቤቱን ይሠራል!»

ረድፉ ሳቀ።

«እኔ ለሰው አፈር አላበላሁም» አለች አክስቴ። «ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ያውቃል። እኛም እንወቅ ነው የምንለው።»

በዚያ ረድፍ የሚቀመጡት ሴቶች የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ሸቀጥ የምትቀላቅል ሴት ስትገኝ ወደ ወረዳ አይሄዱም። ዝም ብለው ፊታቸውን ያዞሩባታል፤ ደንበኛ አይመሩላትም፣ ሰላምታዋን አይመልሱም። እንደዚያ ሆና የቆየች ሴት አላየሁም። ትልልቆቹ ሴቶች ለአክስቴ እስከ ፋሲካ ጊዜ ሰጧት። እስከዚያ ነገሩን ካላጠራች ቦታውን ትለቃለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ የኖረችው ከዚያ ቦታ በምታገኘው ነው፤ እኔም ከክፍለ ሀገር መጥቼ ኮተቤ እሷ ቤት የምኖረው በዚያው ነበር።

ማታ ራት ላይ አክስቴ ሳህኑን ገፋ አደረገችና፣ «ያ የምትሠራበት ማሽን ድንጋይ ውስጥ ያለውን ይለያል ብለኸኝ ነበር» አለችኝ። «በርበሬ ውስጥስ ያያል?»

«ያያል» አልኩ። «ግን ምን እንዳየ ለማወቅ ሌላ ሥራ አለው።»

«ሥራውን ሥራዋ።»

እኔ በዚያን ጊዜ በኮተቤ መንገድ ላይ ባለ አንድ የማዕድን ላቦራቶሪ ናሙና አዘጋጅ ነበርኩ። ድንጋይ እሰብራለሁ፣ እፈጫለሁ፣ እመዝናለሁ፣ በፕሬስ ጨምቄ እንደ ዳማ ጠጠር ክብ አደርገዋለሁ። ክቡን ማሽኑ ውስጥ የምታስገባውና ውጤቱን የምታነበው ኬሚስቷ ናት። እኔ ኮሌጅ አልገባሁም። ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ የተረዳሁት ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ከነበረ፣ ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ነው። ያልገባኝን ኬሚስቷን እጠይቃለሁ፤ ትመልስልኛለች፤ አንዳንዴም መልሳ ትጠይቀኛለች።

ማሽኑ በራጅ ነው የሚሠራው። ሐኪም ቤት አጥንት የሚያሳየው ራጅ ማለት ነው፤ ግን እዚህ ጥላ አይፈለግም። ጨረሩ ናሙናው ውስጥ ያለውን አቶም ሲመታ ከውስጠኛው ምሕዋር አንድ ኤሌክትሮን ያስወጣል። ከውጭ ያለው ኤሌክትሮን ወደ ባዶው ቦታ ይወርድና የተረፈውን ኃይል በሌላ ራጅ መልክ ይለቀዋል። ያ ሁለተኛው ጨረር ከብረት ከመጣ ሁልጊዜ የብረት ነው፤ ከካልሲየም ከመጣ የካልሲየም። ይህን የራጅ ፍሎረሰንስ ይሉታል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ሜዳ ላይ የቆሙ ጉብታዎች ናቸው። የጉብታው ቦታ ንጥረ ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ቁመቱ ደግሞ መጠኑን ይናገራል። በወረቀት ላይ ሲያነቡት በጣም ቀላል ይመስላል።

በማግስቱ የአክስቴን በርበሬ በፕላስቲክ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። ለኬሚስቷ ነገሩን ነገርኳትና ፈቀደች። ዱቄቱን እንዳለ ጽዋ ውስጥ ጨምሬ፣ ለድንጋይ በተዘጋጀው ፕሮግራም አስነበብነው። የብረት ጉብታ ወጣ። ካልሲየምና ፖታሲየም ወጡ። ሲሊኮንም ነበር።

«ብረት አለ» አልኩ። ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገው ብረት ነው።

«አለ» አለች። «ብዙ ነው ትንሽ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። በርበሬ ራሱ ምን ያህል ብረት እንዳለው ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እሺ። ይሄ ፕሮግራም የተስተካከለው በምንድን ነው?»

«በድንጋይ።»

«በርበሬ ደግሞ?»

«ተክል ነው። ከድንጋይ ይቀላል።» ከዚያ ገባኝ። ድንጋይ ከውስጡ የሚወጣውን ጨረር አብዛኛውን ራሱ ያስቀረዋል፤ በርበሬ ግን ያሳልፈዋል። ስለዚህ በድንጋይ መለኪያ በርበሬን ከለካነው ቁጥሩ ይዋሻል።

«አናሊቲካል ኬሚስትሪ የሚባለው እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው» አለች ወንበሯን ወደ እኔ አዙራ። «ማሽኑ እስካሁን ሥራውን ሠርቷል። አንተ ገና አልጀመርክም።»

ያደረግነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በርበሬው መቃጠልና አመድ መሆን ነበረበት፤ አመድ ሲሆን ከድንጋይ ብዙም አይርቅም፣ ከውስጡ ያለው ማዕድንም ተሰብስቦ ይገኛል። ሁለተኛ፣ የሚወዳደርበት ነገር ያስፈልጋል። ከዚያው ጆንያ የቀረ ያልተፈጨ ዛላ ቤት ውስጥ ነበረ። በቅመም ተደልዞ፣ በእንጨት ሙቀጫ ተወቅጦ፣ ወፍጮ ቤት ያልሄደም ትንሽ ተርፎ ነበር። ሁለቱንም አመጣሁ። ሦስተኛ፣ ተጨመረ የተባለው ነገር ራሱ መታየት ነበረበት። ከሾላ አካባቢ ከፈረሰ ቤት የጡብ ስባሪ ለቀምኩ፤ ኮተቤ ለኮንዶሚኒየም መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ ቀይ አፈር ዘገንኩ።

በርበሬው ምድጃው ውስጥ የገባ ቀን ግቢው በሙሉ ሳለ። የላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ሒሳብ ክፍል መስኮቱን ከፈተ። ዘበኛው አፍንጫውን በጋቢው ይዞ በር ላይ ቆመና፣ «እናንተ ሰዎች ዛሬ ደግሞ ቁሌት ነው እንዴ የምታቁላሉት? ሽንኩርቱን ረሳችሁት!» አለ። ኬሚስቷ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። ከቀትር በኋላ መብራት ጠፋ፤ ምድጃው ቀዘቀዘና በሚቀጥለው ቀን እንደገና ጀመርን።

አመዱን ለማላም የላቦራቶሪውን የብረት ወፍጮ ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ።

«በእሱ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ብረት ነው። አመዱን ሲፈጭ እሱም ይፈጫል። ብረትና ክሮሚየም ከራሱ ይጨምርልህና በርበሬው ላይ ታስባለህ። አጌት ከሚባለው ጠጣር ድንጋይ በተሠራው ሙቀጫ፣ በእጅህ። ወፍጮ የሆነ ነገር ሁሉ ከራሱ ትንሽ ይሰጣል።» ሙቀጫውን ከመደርደሪያው አወረደችልኝ። ከዚያ፣ «የአክስትህን በርበሬ የፈጨው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ወፍጮ ቤት ነው። ከየካ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ላይ።»

«የብረት ነው የድንጋይ?»

«የድንጋይ።»

«ሂድና ከድንጋዩ ቁራሽ አምጣ።»

ወፍጮ ቤቱ ከዳገቱ ሥር፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚሄዱ ምእመናን በሚያልፉበት መንገድ ዳር ነው። ከበስተጀርባው ባሕር ዛፍ ይጀምራል። ወፍጮ ቤቱን የያዘው ሰው የአክስቴ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው፤ እሁድ እሁድ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ልጁ ታሞ በነበረ ጊዜ አክስቴ ሐኪም ቤት ድረስ እየሄደች ትጸልይለት ነበር። እሱም ያንን አይረሳም። ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ለብሶ ተቀበለኝ።

«የድሮ ድንጋይ ቁራሽ ይኖርዎታል?» አልኩት።

«ለምንህ ነው?»

«ላቦራቶሪ ላየው ነው።»

«እይማ! ወርቅ ካገኘህበት እኩል ነን» አለና ከግቢው ጥግ ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ በመዶሻ መትቶ ቁራሽ ሰጠኝ። ድንጋዩ ግራጫ ነው፣ ጠጣር፣ ጥቃቅን ነጫጭ ነጥቦች ያሉበት። «ከላይ ከእንጦጦ የወረደ ነው» አለኝ። «እንደዚህ ያለ ድንጋይ ቶሎ አያልቅም። አሁን የሚፈጨውም ወንድሙ ነው።»

ናሙናዎቹ ሁሉ ተዘጋጅተው ሲያልቁ ኬሚስቷ እኔን ከክፍሉ አስወጣችኝ። ክቦቹን ለብቻዋ ቀላቀለቻቸውና ከጀርባቸው ፊደል ጻፈችባቸው። የትኛው የቱ እንደሆነ እሷ ብቻ ታውቃለች። «የአክስትህ ነገር ነው» አለች። «ጉብታውን ስታነብ ዓይንህ እንዳያዳላ።» አልተቀየምኩም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እንደዚያ አደርግ ነበር።

አነበብኩ። ከክቦቹ ሁለቱ ብረትና ቲታኒየም በጣም ከፍ ያለባቸው ናቸው። ሁለቱ ደግሞ በካልሲየምና በፖታሲየም የተሞሉ፣ ቲታኒየማቸው ከሜዳው እምብዛም የማይነሣ። አንዱ ዚርኮኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ጉብታው ከሁሉም በላይ የቆመበት ነው። የመጨረሻው ካልሲየሙና ፖታሲየሙ እንደ ሁለቱ ሆኖ፣ በዚያ ላይ ግን በግልጽ የሚታይ የዚርኮኒየም ጉብታ ነበረው። ቲታኒየሙ ዝቅተኛ ነው። ዚርኮኒየም ተክል ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ በርበሬ ከሥሩ ስቦ የሚያወጣው ነገር አይደለም።

ኬሚስቷ ፊደሎቹን ፈታች። ብረትና ቲታኒየም የበዛባቸው ጡቡና ቀይ አፈሩ ናቸው። ካልሲየም የሞላባቸው ዛላውና የተወቀጠው። ዚርኮኒየም ያየለበት የወፍጮው ድንጋይ ነው። የመጨረሻው በገበያ የተሸጠው ዱቄት ነው።

«ጡብ ቢጨመርበት ቲታኒየሙ አብሮ መነሣት ነበረበት» አለች። «አልተነሣም። የተነሣው የድንጋዩ ነው። ከመወቀጥ በኋላ፣ ገበያ ከመድረሱ በፊት ገብቷል።»

«ስለዚህ ወፍጮው ነው።»

«እንደ ወፍጮው ድንጋይ ያለ ድንጋይ ነው። ማን እንደጨመረው ራጅ አይናገርም። አንድ ሰው ያንን ድንጋይ ፈጭቶ ሆን ብሎ ቢደባልቀው ማሽኑ ላይ ልዩነት የለውም። ይሄንንም ንገራቸው።» ቀጥላ ደግሞ ወረቀት እንደማትሰጠኝ ነገረችኝ። ላቦራቶሪው ፈቃድ ያለው ለማዕድን ነው፤ ስለ ምግብ ማኅተም አድርጎ መመስከር አይችልም።

ስለዚህ ቤት ይዤው የሄድኩት ወሬ ብቻ ነው። አክስቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፤ አላላትም።

«ታዲያ እኔ እንድተርፍ እሱን ልስጥ?» አለች። ወፍጮ ቤቱን የያዘውን ሰው ማለቷ ነው።

«መጠየቅ ይቻላል» አልኩ።

በማግስቱ አብረን ወጣን። ወፍጮው ጤፍ እየፈጨ ስለነበር እስኪያልቅ ቆምን። ሞተሩ ሲጠፋ አክስቴ ቀስ ብላ፣ በርበሬዋን ያመጣች ቀን ወፍጮው ደህና ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ደህና ነው እንጂ! እንዲያውም በዋዜማው የተወቀረ አዲስ ነበር» አለ።

የድንጋይ ወፍጮ ሲደነዝዝ ፊቱ በመሮ ይወቀራል፤ ጥርስ ይወጣለታል ማለት ነው። ከተወቀረ በኋላ የላላው ቅንጣት ሁሉ ከመጀመሪያው እህል ጋር ይወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዙር ሁልጊዜ የከብት መኖ ነው፤ ገለባ፣ ፉርሽካ፣ የተነቀዘ በቆሎ። ይህንን ወፍጮ ቤት የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰውየው ይህን ለማስረዳት አፉን እንደከፈተ መሀል ላይ ቆመ። ዱቄት በለበሰው ፊቱ ላይ ከዓይኖቹ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

«እትዬ» አለ። «ያን ቀን መብራቱ በተራ ነበር። ጠዋት ብቻ ነው የሚሰጡን። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ነው። እርስዎ መጡ። መኖውን ላስቀድም ብል መብራቱ ይሄድና እርስዎ ሳይፈጩ ሊመለሱ ነው። እርስዎን ላቆም ነው? ልጄን ያቆሙልኝን ሰው?»

«እና አስቀደምከኝ።»

«ለክብርዎ ነው ያስቀደምኩዎት!»

«የበሬውን ድርሻ ሰጠኸኝ እኮ» አለች አክስቴ። ሳቀች ለማለት አልችልም፤ ከንፈሯ ግን ተንቀሳቀሰ።

ሾላ መጥቶ ለሴቶቹ እንዲናገር አልለመነችውም። እሱ ግን ምን እንደሚፈለግበት ገብቶታል። እጁን እያሻሸ፣ «ይሄ ከተሰማ ሰው ወደ ታችኛው ወፍጮ ይሄድብኛል» አለ። እውነቱን ነው፤ ታች አስፋልቱ አጠገብ ሌላ ወፍጮ ቤት ተከፍቶ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «እኔ አልጠራህም። ቅዳሜ ግን እዚያው ነኝ።»

ቅዳሜ ከሆሳዕና በፊት ያለው ነበር። ገበያው እንደ ወትሮው ሞልቷል፤ የአክስቴ ፊት ለፊት ብቻ ሰው የለም። ከእሷ ጀርባ ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቅመም ሻጯ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ አክስቴ እያመለከተች፣ «በሷ በኩል አትለፉ፣ ሲሚንቶ አልደረቀም!» ትላለች። ወፍጮ ቤቱን የያዘው ሰው የመጣው ፀሐይ ከረር ካለች በኋላ ነው። ታጥቦ ነበር፤ ጥቁር ፀጉር እንዳለው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። በእጁ የወፍጮ ድንጋይ ቁራሽ ይዟል።

ረድፉ መሀል ቆሞ፣ ጮክ ሳይል፣ እንዳለ ነገራቸው። ስለ መወቀሩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ሰልፉ።

ቅመም ሻጯ ጣቷን ከኮረሪማው አነሣች። «ቆይ ቆይ። በተወቀረ ወፍጮ፣ በመጀመሪያው ዙር፣ የሰው በርበሬ አስገባህ?»

«አስገባሁ።»

«በኪዳነ ምሕረት! አንተ ሰው ወፍጮ ቤት ነው የያዝከው ድንጋይ ቤት?»

«ለእሳቸው ክብር ብዬ…»

«ክብርህ ጥርስ አስወለቀ!» አለችው። ሳቁ ከረድፉ ጫፍ ተነሣ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ ዝምተኛው? ማሽን አለኝ ትላለህ አሉ። ምን አለ ማሽኑ?»

ኬሚስቷ እንዳለችኝ ተናገርኩ። ጡብ እንዳልሆነ፣ ቀይ አፈር እንዳልሆነ፣ ይህን የመሰለ ግራጫ ድንጋይ እንደሆነ። ማን እንደጨመረው ግን ማሽኑ እንደማያውቅ፤ ወረቀትም እንደሌለኝ። አክስቴ ከፊቴ ስለተቀመጠች ፊቷን አላየሁትም፤ የመጨረሻውን ስናገር ግን ትከሻዋ ከፍ አለ።

ቅመም ሻጯ ድንጋዩን ከሰውየው እጅ ተቀብላ አገላበጠችው፣ በምራቋ አርጥባ አሸችው።

«ግራጫ ነው» አለች። «አፈር የሚቀላቅል ሰው ለቀለሙ ነው የሚቀላቅለው። ቀይ ይጨምራል። በርበሬ ላይ ግራጫ የሚጨምር ሌባ የት አገር አለ? የእብድ ሌባ ነው?» ድንጋዩን መለሰችለት። «ወፍጮው ነው። ማሽኑን እንኳ ትቼ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ሳሸው ሹል ነበር። ጡብ ሹል አይሆንም፤ ይፈረፈራል። ብርጭቆዬን ይዤ ተሳደብኩ እንጂ አላሰብኩም።»

ትልልቆቹ ሴቶች እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም። አንደኛዋ ብቻ ወደ አክስቴ ጎንበስ ብላ፣ የቀረውን በርበሬ በሙሉ እንድትደፋው፣ አዲስ እስክታስፈጭ ድረስ ሽሮ ብቻ እንድትሸጥ ነገረቻት። አክስቴ እሺ አለች። ጆንያውን እኔና ሰውየው ተሸክመን ወሰድነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደስ የሚል አይደለም። ከአክስቴ ደንበኞች አንዳንዶቹ ወሬውን ሰምተው ማስተባበያውን አልሰሙም፤ አልተመለሱም። ወፍጮ ቤቱም ለብዙ ጊዜ ሰልፉ አጠረ። ሰውየው ግን ድንጋዩን በወቀረ ቁጥር የመኖ ጆንያውን በር ላይ አውጥቶ ለሰው እያሳየ ማስገባት ጀመረ።

ያን ቅዳሜ ግን ከመበተናችን በፊት ቅመም ሻጯ ሚዛኗን እየሰበሰበች ወደ አክስቴ ዞረች። ከጾሙ መጀመሪያ ወዲህ በደህና አፍ ስታናግራት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

«አዲሱን መቼ ነው የምታስፈጪው?»

«ወፍጮው ሲወቀር።»

«ምን? አልተማርሽም እንዴ?»

«በሬዎቹ ካለፉ በኋላ ነዋ» አለች አክስቴ።

ቅመም ሻጯ ጆንያዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች። «እንግዲያው ለፋሲካ ሁለት ኪሎ ያዢልኝ» አለችና ወደ ታክሲዎቹ ሄደች።